«የእከሌ ዳታ ከኔ ጋር ነው እንዴ የሚቀመጠው?»

ድሬዳዋ ላይ ለነጋዴ ሶፍትዌር ልሸጥ ብለህ ከገባህ፣ ገና ዋጋ ሳይነሳ የምትጠየቀው ነገር አለ። «የእከሌን ሱቅ የሠራኸው አንተ ነህ አይደል? የሱ ዳታና የኔ ዳታ አንድ ላይ ነው እንዴ የሚቀመጠው?» ይሉሃል። አዲስ አበባ ላሉ ጓደኞቼ ይሄን ስነግራቸው ይስቃሉ፣ እነሱን ደንበኛ የሚጠይቃቸው ስልክ ላይ ይሠራል ወይ፣ ቴሌብር ይቀበላል ወይ ምናምን ነው። እዚህ ግን ሰው ይተዋወቃል። ጅምላ አከፋፋዩና ቸርቻሪው የአንድ ሰፈር ልጆች ናቸው፣ ታይዋን የሚባለው ገበያ ውስጥ ጎን ለጎን ሱቅ ያላቸው ሁለት ሰዎች ዘመዳሞችም ተፎካካሪዎችም ይሆናሉ፣ ከሰዓት በርጫ ላይ አብረው ሲጫወቱ ይውሉና አንዱ ካርቶኑን በስንት እንዳስገባው ሌላኛው እንዲያውቅ በጭራሽ አይፈልግም። የመግዣ ዋጋ ሚስጥር ነው አቦ። ዱቤ ደሞ ከዛ የባሰ ሚስጥር ነው፣ ማን ለማን ስንት እንዳለበት የሚያሳይ ሊስት ከአንድ ሱቅ ቢወጣ የሚበላሸው ንግድ ብቻ አይደለም፣ ሠርግ ሁላ ይበላሻል።

የምሠራው ሲስተም የስቶክ፣ የሽያጭ፣ የዱቤና የሒሳብ ነው። በብራውዘር ነው የሚከፈተው፣ ኮዱ አንድ ነው፣ ብዙ ድርጅት ይገለገልበታል። ቀፊራና ሳቢያን ያሉ ጅምላ ሻጮች አሉበት፣ ጥቂት ትራንዚተሮች አሉበት፣ ሐረርም ጅጅጋም ደንበኛ አለ። በ2014 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ እዚህ ነፃ የንግድ ቀጠና ሲከፈት ደሞ ሌላ ዓይነት ጥያቄ የሚያመጡ ድርጅቶች መጡ፣ ሒሳብ ሠራተኛቸው ብቻ ሳይሆን ኦዲተራቸው የሚጠይቅ፣ ዳታው የት ነው፣ ማን ያየዋል፣ ስንሄድ ምን ይሆናል የሚሉ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይሄ ጥያቄ የበለጠ መልስ ይፈልጋል። የነጋዴውም የኦዲተሩም ጥያቄ ሲጨመቅ ግን አንድ ነው።

ዳታውን የማስቀመጫው መንገድ ሦስት ነው። የመጀመሪያው ሁሉንም ድርጅት አንድ ዳታቤዝ፣ አንድ ቴብል (ሰንጠረዥ) ውስጥ ከተህ እያንዳንዱ ረድፍ ላይ «ካምፓኒ አይዲ» የሚል ኮለም (ዓምድ) ማስቀመጥ ነው። ርካሽ ነው፣ ቀላል ነው፣ ዓለም ላይ ብዙ ሲስተም እንደዛ ነው የሚሠራው። ችግሩ ሽያጭ የሚያወጣው፣ ስቶክ የሚያወጣው፣ ሪፖርት የሚያወጣው ኳሪ (ለዳታቤዙ የሚጻፈው ጥያቄ) በሙሉ «የዚህን ድርጅት ብቻ» የሚለውን ሁኔታ ማስታወስ አለበት። አንድ ፕሮግራመር በእንቅልፍ ዓይኑ ሪፖርት ጽፎ ያቺን አንድ መስመር ቢረሳ ሲስተሙ አይጮህም፣ ኤረር አይሰጥም፣ ለዳታቤዙ እኮ ትክክለኛ ጥያቄ ነው የተጠየቀው፣ እሱ የሁሉንም ሽያጭ ደምሮ ቁጭ ያደርግልሃል። መጀመሪያ የሚያየው ደንበኛው ነው።

የምጠቀምበት የዳታቤዝ ሶፍትዌር፣ ፖስትግሬስ፣ ለዚህ መድኃኒት አለው። ከቨርዥን 9.5 ጀምሮ፣ በፈረንጆቹ 2016 ማለት ነው፣ ሕጉን ቴብሉ ራሱ ላይ ታስቀምጠዋለህ፣ ኮዱ ቢረሳም ዳታቤዙ የሌላውን ረድፍ አያሳይም። በጣም የምወደው ነገር ነው። ግን ብዙ ሰው የሚያልፋት ነገር አለች፦ ይሄ ሕግ የቴብሉን ባለቤት አይነካውም። ቴብሉን የፈጠረው የዳታቤዝ ዩዘር ሁሉንም ያያል፣ «ባለቤቱንም ይመለከታል» ብለህ ለይተህ ካላስገደድከው በቀር፣ ሱፐርዩዘር (ሁሉ ነገር የተፈቀደለት ዩዘር) ከሆነ ደሞ ብታስገድድም ያልፈዋል። እና አብዛኛው ሰው ሕጉን ያበራና አፕሊኬሽኑን በዛው ቴብሎቹን በፈጠረበት ዩዘር ያገናኘዋል። ሕጉ በርቷል፣ ማንንም ግን አይከለክልም።

ሁለተኛው መንገድ አንድ ዳታቤዝ ውስጥ ለእያንዳንዱ ድርጅት የየራሱ ስኪማ (ዳታቤዙ ውስጥ የተለየ ክፍል) መስጠት ነው። መሃል መንገድ ነው፣ ፍቅር አልያዘኝም። ምክንያቱም «አሁን የማን ስኪማ ላይ ነን» የሚለው ነገር ኮነክሽኑ (አፕሊኬሽኑ ከዳታቤዙ ጋር የሚገናኝበት መስመር) ላይ ነው የሚቀመጠው፣ ኮነክሽን ደሞ ብዙ ተጠቃሚ በየተራ ነው የሚጠቀምበት፣ የበፊቱ ሰው ሳይጸዳ ከወጣ የሚቀጥለው ሰው ሰው ቤት ይገባል።

ሦስተኛው ለእያንዳንዱ ድርጅት ሙሉ ዳታቤዝ ነው። እኔ እሱን መረጥኩ፣ ምክንያቴን ስናገር ግን ብዙ ጊዜ አልተግባባም፣ ሰው ለሴኩሪቲ ብሎ የመረጠ ነው የሚመስለው።

እስቲ ሴኩሪቲውን መጀመሪያ ልጨርሰው። ዳታቤዝ ለየብቻ ሆኖ አፕሊኬሽኑ ሁሉንም በአንድ ዩዘርና በአንድ ፓስወርድ የሚከፍት ከሆነ ምን ተለየ? አንድ ሐጂ ይሄን ከእኔ በተሻለ ነው ያስረዱት፣ «መጋዘኑን በግድግዳ ከፋፍለህ ለሁሉም በር አንድ ቁልፍ ነው ያሠራኸው» አሉኝ፣ ከዛ ወዲህ ለደንበኛ ሳስረዳ የሳቸውን አባባል ነው የምጠቀመው። መለየቱ ሴኩሪቲ የሚሆነው ለእያንዳንዱ ዳታቤዝ የራሱ ዩዘር፣ የራሱ ፓስወርድ ሲኖረው ነው፣ ያ ዩዘር ደሞ ሌላው ዳታቤዝ ላይ መግባት እንኳን እንዳይችል መደረግ አለበት። ፖስትግሬስ አዲስ ዳታቤዝ ስትፈጥር ለሁሉም ዩዘር የመገናኘት መብት በነባሪ ይሰጣል፣ ገብቶ ቴብሉን ባያነብም መግባቱን ይገባል፣ ስለዚ ያንን መብት ራስህ መንጠቅ አለብህ። ይሄን ካላደረግክ የሠራኸው የተስተካከለ ፎልደር እንጂ ግድግዳ አይደለም።

የኔ ዋና ምክንያት የአንድ ደንበኛ መጥፎ ቀን ነው። ሁሉም ደንበኛ አንድ ዓይነት ነገር በሚፈልግበት ተራ ቀን ከሦስቱ መንገዶች የትኛውም ይሠራል፣ የሚለያዩት አንዱ ብቻ ለየት ያለ ነገር ሲፈልግ ነው። እንበልና የሆነ ድርጅት ውስጥ ያለ ልጅ የቆጠራ ኤክሴል ሲጭን ኮለሙ ተዛብቶበት የመጋዘኑ ስቶክ በሙሉ ዜሮ ሆነ። ባለቤቱ ይደውላል፣ «አንተ ልጅ፣ ወደ ትናንት ማታ መልስልኝ!» ይላል። ዳታቤዙ የብቻው ከሆነ የትናንቱን ባክአፕ በሌላ ስም ጎኑ ላይ ትከፍተዋለህ፣ አይተህ ታረጋግጣለህ፣ ከዛ ማውጫው ላይ «የዚህ ድርጅት ዳታቤዝ ከአሁን በኋላ ይሄኛው ነው» ብለህ ታዞረዋለህ። ሌሎቹ ምንም ሳያውቁ ሲሸጡ ይውላሉ። የተበላሸውም አልጠፋም፣ ዛሬ ጠዋት የተቆረጠ ደረሰኝ ካለ ከዛ ላይ ለይተህ ትመልሳለህ። ሁሉም አንድ ቴብል ውስጥ ቢሆኑ ግን የአሮጌውን ኮፒ ሌላ ቦታ ከፍተህ የዚህን ሰውዬ ረድፎች ብቻ ከየቴብሉ ለቅመህ፣ አሁን ያለውን አጥፍተህ፣ ቅደም ተከተሉን ጠብቀህ መመለስ ነው፣ ያውም ሰውዬው ስልክ ላይ እየጠበቀህ።

እዚህ ጋር ግን አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ፖስትግሬስ ላይ «ወደ 8 ሰዓት ከ17 ደቂቃ መልሰኝ» የሚባለው፣ ከለውጥ መዝገቡ እየተነበበ የሚደረገው መመለስ፣ የሚሠራው ለሰርቨሩ በሙሉ ነው። አንድን ዳታቤዝ ለይቶ አይመልስም። ዳታቤዝ ስለለየሁ እሱም ተለየልኝ ብሎ የሚያስብ አለ፣ አልተለየም። ሌላ ማሽን ላይ ሙሉውን ሰርቨር ወደዛ ሰዓት መልሰህ፣ ከዛ ውስጥ የሰውዬውን ዳታቤዝ ብቻ አውጥተህ ማምጣት ነው ያለህ። ለዚህ ነው በየማታው እያንዳንዱን ዳታቤዝ ለብቻው ደምፕ የማደርገው (ወደ ፋይል የምገለብጠው)፣ አብዛኛው ሰው የሚፈልገው የትናንቱን ነው፣ የደቂቃው የሚያስፈልገው ለከባድ ቀን ነው። ኮፒው ደሞ ከከተማ ውጭ ይቀመጣል። ይሄን ለድሬ ነጋዴ ማስረዳት አያስፈልግም፣ በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ የነበረ ሰው «ለምን ሌላ ከተማ ታስቀምጠዋለህ» ብሎ አይጠይቅህም።

ማውጫ ያልኩት ነገር ምንድነው ካላችሁ፣ አንድ ትንሽ መሃከለኛ ዳታቤዝ አለ፣ የድርጅቱ ስም፣ የትኛው ሰብዶሜይን (የየድርጅቱ ዌብ አድራሻ) የማን እንደሆነ፣ ዳታቤዙ የት ሰርቨር ላይ እንዳለ፣ ማይግሬሽኑ (የቴብሎቹን ቅርጽ የሚቀይረው ሥራ) ስንተኛ ቁጥር ላይ እንደደረሰ፣ ክፍያው መቼ እንደሚያልቅ። አንድ ሰው አድራሻውን ሲከፍት መጀመሪያ ማውጫው ይታያል፣ ከዛ ወደራሱ ይሄዳል። ማውጫው ውስጥ አንድም የንግድ ቁጥር የለም፣ ሽያጭ የለም፣ ዕቃ የለም፣ ይሄን ሕግ በጣም አጥብቄ ነው የያዝኩት፣ ምክንያቱም ማውጫ ውስጥ «ለሪፖርት እንዲመች» እየተባለ ትንሽ ትንሽ ሲጨመር ዞሮ ዞሮ ሁሉም አንድ ላይ ተመልሶ ይቀመጣል።

አሁን ዋጋው። ነፃ አይደለም።

ቴብል ላይ አንድ ኮለም መጨመር ድሮ አንድ ሥራ ነበር፣ አሁን በደንበኛው ቁጥር ልክ ሥራ ነው። ማይግሬሽኑ አንዱ ላይ አልፎ ሌላው ላይ ሊወድቅ ይችላል፣ ያኛው ዳታ ውስጥ ባዶ መሆን የሌለበት ነገር ባዶ ሆኖ ይገኛል፣ ስለዚ ለሆነ ሰዓት ግማሹ ደንበኛ አዲሱ ላይ ግማሹ አሮጌው ላይ ነው፣ ኮዱ ደሞ አንድ ነው። ኮዱ ሁለቱንም መቀበል አለበት። መጀመሪያ አዲሱን ኮለም ባዶ መሆን የሚችል አድርገህ ትጨምራለህ፣ ኮዱ ሁለቱም ላይ መጻፍ ይጀምራል፣ ሁሉም ካለፉ በኋላ አሮጌውን ታነሳለህ፣ በሌላ ቀን። ፖስትግሬስን የመረጥኩበት አንዱ ምክንያት እዚህ ነው፣ የቴብል ለውጥ ትራንዛክሽን (ወይ ሙሉ የሚያልፍ ወይ ሙሉ የሚሰረዝ ጥቅል ሥራ) ውስጥ ስለሚገባ ማይግሬሽኑ መሃል ላይ ቢወድቅ ከነጭራሹ እንዳልተነካ ሆኖ ይመለሳል። ማይኤስኪውኤል የሚባለው ሌላ የዳታቤዝ ሶፍትዌር ላይ የቴብል ለውጥ ትራንዛክሽኑን ራሱ ይዘጋዋል፣ ከአምስት ለውጥ ሦስተኛው ላይ ከወደቅክ ሁለቱ ገብተው ቀርተዋል፣ እሱን በእጅ መፍታት ነው።

በነገራችን ላይ ድሬ ለማይግሬሽን የተፈጠረ ከተማ ነው። ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲብስ ሱቁ ይዘጋል፣ ሰው ቤቱ ይገባል፣ እስከ 9 እና 10 ሰዓት ድረስ ሰርቨሩ ላይ ጥይት አይተኮስም። ሌላው ዓለም ፕሮግራመር ሌሊት ተነስቶ የሚሠራውን እኔ ጠራራ ፀሐይ ላይ ቬንትሌተር ስር ሆኜ ነው የምሠራው። ዳታቤዙ የተለያየ መሆኑ እዚህም ይጠቅማል፣ ቀትር ላይ የማይዘጋ ደንበኛ ካለ እሱን ብቻ ማታ አደርገዋለሁ። ሐምሌ ላይ ግን ማንንም አልነካም፣ የግብር ሰሞን ሒሳብ ሠራተኛ የለመደውን በተን ቦታ ያዛወርክበት ቀን ያለህን ወዳጅ ታጣለህ።

ሁለተኛው ዋጋ ኮነክሽን ነው። ፖስትግሬስ ላይ አንድ ኮነክሽን ከአንድ ዳታቤዝ ጋር ነው የሚታሰረው፣ መሃል ላይ ወደ ሌላው መዞር አይችልም (ማይኤስኪውኤል ይችላል፣ እውነቱን ለመናገር)፣ እያንዳንዱ ኮነክሽን ደሞ ሰርቨሩ ላይ ራሱን የቻለ ፕሮሰስ ነው፣ ሜሞሪ ይበላል። በነባሪ የሚፈቀደው 100 ነው። 40 ድርጅት ኖሮህ ለእያንዳንዱ 5 ኮነክሽን ክፍት ብትይዝ 200 ነው፣ አለቀ፣ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ሁሉም ሱቅ ሲከፍት ሲስተሙ «ቦታ የለም» ማለት ይጀምራል። ፒጂባውንሰር የሚባል ኮነክሽን የሚያጋራ ፕሮግራም መሃል ላይ ማስገባት ይረዳል ግን እሱም የሚያጋራው በዳታቤዝና በዩዘር ጥንድ ነው፣ የአንዱን ድርጅት ኮነክሽን ለሌላው ሊሰጥ አይችልም፣ ስለዚ ለእያንዳንዱ ትንሽ ቁጥር ሰጥተህ ሥራ ፈት የሆነውን ቶሎ እንዲዘጋ ማድረግ ነው መፍትሔው። ይሄን ሒሳብ ደንበኛ ሳይበዛ በወረቀት መሥራት ይሻላል።

በጣም ያሰለቸኝ፣ በጣምም ያስደሰተኝ ክፍል ግን ሰዎቹ ናቸው። ዲዛይኑ «አንድ ሰው፣ አንድ ድርጅት» ብሎ ያስባል፣ ሰው ግን እንደዛ አይኖርም። እዚህ አንድ ሒሳብ ሠራተኛ የብዙ ሱቅ መዝገብ ይይዛል፣ ጠዋት መጋላ ነው፣ ከሰዓት ከዚራ ነው፣ የወር ቫት ሪፖርት ሲደርስ በባጃጅ ከሱቅ ሱቅ ይዞራል። የሱ ስም እያንዳንዱ ዳታቤዝ ውስጥ ለየብቻ ከተመዘገበ ፓስወርዱ በሱቁ ቁጥር ነው፣ ደብተር ላይ ይጽፈዋል፣ ያ ደብተር ሱቅ ላይ ይረሳል፣ እንኳን ዳታቤዝ ሌላም ነገር ብትለይ ዋጋ የለውም። ስለዚ ሰውየው ማውጫው ላይ አንዴ ይመዘገባል በስልክ ቁጥሩ፣ የሚችለውና የማይችለው ግን እያንዳንዱ ድርጅት ዳታቤዝ ውስጥ ነው ያለው፣ ባለሱቁ ራሱ ነው የሚሰጠውና የሚነሳው። ከአንዱ ወደሌላው ሲሻገር ስክሪኑ ላይ የድርጅቱ ስም በትልቁና በሌላ ከለር ይታያል፣ የአንዱን ወጪ ሌላው ላይ እንዳይመዘግብ። ሎግኢን ኩኪውም (ብራውዘሩ የገባውን ሰው የሚያስታውስበት ምልክት) በየሰብዶሜይኑ ነው የሚታሰረው፣ ለዋናው ዶሜይን ከሰጠኸው ሁሉም ጋ ይሄዳል። ማውጫውና ድርጅቶቹ በአንድ ሰከንድ ላይ ባክአፕ ስለማይደረጉ ከሪስቶር በኋላ አንዱ የሚያውቀውን ሰው ሌላው ላያውቀው ይችላል፣ ስለዚ ሁለቱን የሚያመሳክር ትንሽ ስክሪፕት የግድ ነው።

ከዛ ደሞ ጅምላ ሻጩ ይመጣል። «እኔም ያንተን ሲስተም ነው የምጠቀመው፣ ከኔ የሚገዛው ልጅም ያንተን ሲስተም ነው የሚጠቀመው፣ ለሱ ስሸጥ በቀጥታ እሱ ስቶክ ውስጥ አይገባም እንዴ?» ጥያቄው ትክክል ነው! ዳታቤዙ አንድ ቢሆን ኖሮ አንድ ትራንዛክሽን ነበር። አሁን ግን ሁለት ዳታቤዝ ነው፣ ከአንዱ ወደሌላው የሚያያይዝ ፎሪን ኪ የሚባል ነገር የለም፣ ሁለቱን እኩል የሚያጸድቅ ባለሁለት ደረጃ ኮሚት አለ ግን ፖስትግሬስ ራሱ በነባሪ አጥፍቶት ነው የሚመጣው፣ መሃል ላይ ሰርቨር ቢወድቅ ተንጠልጥሎ የሚቀር ነገር ስላለው። እኔ ዕቃውን እንደ ደብዳቤ አደረግኩት፦ ሻጩ ሽያጩን ሲመዘግብ እዛው ትራንዛክሽን ውስጥ «የሚላክ» ቴብል ላይ አንድ ረድፍ ይጻፋል፣ ሌላ ፕሮግራም ያነሳውና ገዢው ዳታቤዝ ውስጥ «የመጣ» ብሎ ያስቀምጠዋል፣ ሁለቴ ቢደርስ እንኳን ሁለቴ እንዳይቆጠር የራሱ ቁጥር አለው፣ ገዢው ቆጥሮ «ተቀብያለሁ» እስኪል ስቶክ ውስጥ አይገባም። ነጋዴዎቹ ይሄን ከአውቶማቲኩ በላይ ወደዱት፣ ምክንያቱም ካርቶን ሲወርድ መቆጠሩ አይቀርም፣ የተሰበረ አለ፣ የጎደለ አለ። የሻጩ መግዣ ዋጋ ደሞ ደብዳቤው ውስጥ አይገባም፣ እሱ በዳታቤዙ ይቀራል።

ከዳታቤዝ ውጭ ስለሚያፈሰው ነገር ቶሎ ልበል። ካሽ (ለፍጥነት የሚቀመጥ ጊዜያዊ ኮፒ) ውስጥ «የዕቃ ሊስት» ብለህ ያስቀመጥከው ነገር የማን እንደሆነ ስሙ ላይ ከሌለ ዳታቤዙን መለየትህ ከንቱ ነው፣ ከጀርባ የሚሠራ ጆብ የድርጅቱን መለያ ይዞ ካልሄደ መጨረሻ የተከፈተው ላይ ይጽፋል፣ የደረሰኝ ፎቶ ሁሉም አንድ ፎልደር ውስጥ ከሆነ አድራሻውን የገመተ ሰው ያየዋል። የሎግ ፋይልም እንደዛው።

አንድ የማልቀበለው ጥያቄ አለ፦ «ዳታቤዙ የኔ ብቻ ከሆነ ለኔ ብቻ አንድ ኮለም ጨምርልኝ»። አይሆንም። አንዴ ለአንዱ ከጨመርክ የሚቀጥለው ማይግሬሽን የማን ምን እንዳለው እያስታወስክ ነው የምትጽፈው፣ ዓመት ሳይሞላ በደንበኛህ ቁጥር ልክ ሲስተም አለህ። ተጨማሪ መረጃ የሚቀመጥበት አንድ የጄሰን ኮለም ለሁሉም አለ፣ ትራንዚተሩ የዲክላራሲዮን ቁጥሩን እዛ ያስገባል፣ ጨርቅ ሻጩ የጣቃውን ቁጥር ያስገባል፣ የቴብሉ ቅርጽ ግን ሁሉም ጋ አንድ ነው።

ደንበኛ ልሂድ ሲል የሚሆነውም ውል ላይ አለ። የዳታቤዙ ሙሉ ፋይል ይሰጠዋል፣ ፋይሉ ለሱ ብቻውን ስለማይከፈትለት ኤክሴልም አብሮ ይሰጠዋል፣ ከዛ ዳታቤዙ ይጠፋል። የቆዩት ባክአፖች ላይ ያለው ግን በዛው ቀን አይጠፋም፣ ተራቸው ደርሶ እስኪሰረዙ ይቆያል፣ ይሄንንም ሳልደብቅ እጽፈዋለሁ፣ ኦዲተር ያለው ድርጅት መጀመሪያ የሚያየው እሱን መስመር ነው።

ለሁሉም ሰው ግን ይሄን አድርጉ አልልም። አሁን ለትንንሽ ኪዮስኮች የሚሆን በስልክ ብቻ የሚሠራ ቀለል ያለ ነገር ጀምሬያለሁ፣ ብዙ ሰው፣ ትንሽ ክፍያ፣ እያንዳንዱ ጋ ጥቂት ረድፍ ብቻ፣ ለነሱ የየራሳቸው ዳታቤዝ መክፈት የኮነክሽንና የማይግሬሽን መጫወቻ ያደርገኛል። እነሱ አንድ ዳታቤዝ፣ አንድ ቴብል፣ የረድፍ ሕጉ በርቶ ነው የሚቀመጡት፣ አፕሊኬሽኑም የሚገባው የቴብሎቹ ባለቤት ባልሆነ ዩዘር ነው። መጀመሪያ የተጻፈው ቴስት ሎግኢንም ሽያጭም አይደለም፦ በአንዱ ኪዮስክ ስም ገብቶ፣ ሆን ተብሎ ምንም ሁኔታ ሳይጻፍ፣ የሁሉንም ዱቤ ይጠይቃል፣ የሌላ ሰው አንድ ረድፍ እንኳን ከመጣ አዲሱ ኮድ ሰርቨር ላይ አይወጣም።